የሄልቬሊን ውሻና ሁለቱ ባለቅኔዎች

እኔን ቅኔ ያስተማሩኝ መምህር፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ይዞ ፊታቸው ሲቀርብ ቤቱ መመታቱን፥ ዜማው መሙላቱን፥ ሰሙና ወርቁ መስማማቱን ከመረመሩ በኋላ አንዲት ጥያቄ ያስከትሉ ነበር። ይህችውም ‹‹ይህን ያየ ማን ነው?›› የምትል ናት። ተማሪው ስለ አንድ ሟች ባላባት ጀግንነት በመወድስ አብዝቶ ተናግሮ እንደ ሆነ ምስክሩን እንዲጠራ ያዙታል፤ ምስክር ያጣ እንደ ሆነም ‹‹እንግዲያስ ባላየኸው አትማል፤ ዝም የሚባልበትን ስፍራ ያላወቀ ሰው ውዳሴ አያውቅም›› ብለው ቅኔውን ይመልሱበታል። እኛ በልጅነታችን ይህ ነገር የቅኔን ክንፍ የሚቈርጥ እየመሰለን በስውር እናጕረመርም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህችን ጥያቄ ያስታወሰኝ የአገራችን ቅኔ አይደለም፤ ሁለት የእንግሊዝ ባለቅኔዎች በተራራ ላይ ስለ ቀረች አንዲት ውሻ የጻፉት ግጥም ነው።

በከተማችን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ቀድሞ ከእኔ ዘንድ ጥቂት የግእዝ ግሥ ስለ ተማረ እስከ ዛሬ የኔታ እያለ ይጠራኛል። ባለፈው ክረምት ሁለቱን ግጥሞች ይዞ መጣና ‹‹የኔታ፥ ከእነዚህ አንዱን ለተማሪዎቼ ወደ አማርኛ ልመልሰው አስቤአለሁ፤ የትኛው ይሻላል ይሉኛል?›› አለኝ። እኔ የእንግሊዝን ቋንቋ አላውቅም። እርሱ እያነበበ ቃል በቃል ሲተረጕምልኝ አንድ ቀን ሙሉ ዋልን፤ ባልገባኝም ስፍራ ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገምሁት። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ስለ ዜማቸውና ስለ ቃላቸው ጣዕም ከእኔ ፍርድ አትጠብቅ፤ ጠጁን በብርሌው ላይ ሆኖ በዐይኑ ብቻ የሚቀምስ ሰው ጣዕሙን አያውቅምና። የምፈርደው በነገራቸውና በምሥጢራቸው ላይ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1805 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ቻርልስ ጎፍ የሚባል የማንችስተር ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ፥ ሐይቅ በበዛበት በሰሜን እንግሊዝ አገር ዓሣ ለማጥመድና አገር ለማየት መጥቶ ነበር። ፓተርዴል ከሚባለው መንደር ተነሥቶ የሄልቬሊንን ተራራ ተሻግሮ ግራስሚር ወደሚባለው ስፍራ ለመውረድ ጕዞ ጀመረ። መሪ አልያዘም፤ ተከትላው የሄደችው ፎክሲ የምትባል ውሻው ብቻ ናት። በተራራው ላይ ገና ያልቀለጠ በረዶ ነበረ። ሰውየው ግራስሚር አልደረሰም። 3 ወር ካለፈ በኋላ፥ በሐምሌ ወር፥ አንድ እረኛ ከተራራው ራስ በታች ቀይ ኩሬ በሚሏት ውሃ አጠገብ የውሻ ጩኸት ሰማ፤ ወደ ጩኸቱ ቢሄድ የሰው ዐፅም አገኘ፤ ውሻይቱም በሕይወት ከዚያው ነበረች።

በተራራ ላይ ዘወትር የሚጠፋው ውሻ ነው፤ ጌታው በየሸንተረሩ ስሙን እየጠራ ይፈልገዋል። በዚህ ታሪክ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የጠፋው ጌታው፥ የምትጣራውም ውሻይቱ ሆነች። ለባለቅኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው እንደ ሲሳይ ነው።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ዋልተር ስኮት ወዳጁን ዊልያም ወርድስወርዝን ለመጐብኘት ወደዚያ አገር መጣ፤ ሁለቱም ሃምፍሪ ዴቪ ከተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ሆነው ተራራውን ወጡ። ከዚያም ሁለቱም ጻፉ። ወርድስወርዝ በሽምግልናው ዘመን ስለ ግጥሞቹ ባስጻፈው ማስታወሻ፥ አንዳቸው የሌላቸውን መጻፍ ሳያውቁ አንዱን ነገር እንደ ያዙ ተናግሯል። የስኮት ግጥም የተራራውን ስም አርእስቱ አድርጎ አስቀድሞ ታተመ፤ የወርድስወርዝም ‹‹ታማኝነት›› በሚል አርእስት በ1807 ዓ.ም. ወጣ። በአንድ ጉባኤ የዋሉ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ነገር ላይ ሳይመካከሩ ቈጥረው ቢመጡ መምህሩ እንዴት ደስ እንዲለው የቅኔ ቤት ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ የሌላው ሚዛን ይሆናልና።

ስለ ተራራው አንድ ቃል ልጨምር። ሄልቬሊን ከፍታው 950 ሜትር ነው። እንጦጦን እየወጣ ለሚወርድ ሰው ይህ ቈላ ነው፤ ወዳጄም ቍጥሩን ሲያነብልኝ ሳቅ አመለጠኝ። ዳሩ ግን ከምሥራቅ በኩል ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኙ ገደል በሆነ ስለታም ጠርዝ ላይ የሚሄድ ነው፤ ኩሬይቱም በእነዚህ ጠርዞች መካከል እንደ ጽዋ ተቀምጣለች። በረዶ ባለበት ወራት በዚያ እግሩ የከዳው ሰው ወዴት እንደሚወርድ መጠየቅ አያሻም።

እንግዲህ ስኮትን እንመልከት። ስኮት በተራራው ራስ ላይ ቆሞ ሐይቆችንና ገደሎችን አይቶ፥ ወጣቱ የሞተበትን ስፍራ ምልክት አግኝቶ ይናገራል። በግጥሙ መካከል ውሻይቱን ራስዋን ይጠይቃታል፤ የጌታዋ ዝምታ እንቅልፍ መስሏት ስንት ቀን እንደ ቈየች፥ ነፋስ ልብሱን ባወዛወዘ ቍጥርም ነቃ ብላ ስንት ጊዜ እንደ ደነገጠች። ይህን ስሰማ፥ እውነቱን ልናገር፥ ወዳጄን ንባቡን እንዲያቆም ለመንሁት። ሙት ሲነሣ የሚመስለው ነፋስ ልብሱን ሲያነሣው ነው፤ ሐዘንተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህንም ጥያቄ አድርጎ አቀረበው እንጂ አየሁ ብሎ አልማለም። ቅኔው ከዚህ በኋላ ሌላ ባይናገር ኖሮ ለስኮት በፈረድሁ ነበር።

ነገር ግን ከዚያ በፊት ሌላ ቃል ተናግሯል፤ ውሻይቱ የተወደደውን የጌታዋን ሬሳ እንደ ጠበቀች፥ ቀበሮውንና ቁራውን እንዳባረረች ይነግረናል። ይህን ያየ ማን ነው? በ3 ወር ውስጥ ወደዚያ ጕድጓድ የዘለቀ ሰው የለም። እረኛውም በመጨረሻ የደረሰው ከዐፅም ላይ ነው። ቀበሮና ቁራ ተባረው ኖሮ ቢሆን ሥጋው ወዴት ሄደ? ባለቅኔው ለውዳሴው ሲል የዐፅሙን ምስክርነት ረሳው።

ወዳጄ በዚህ አልተስማማም። ‹‹የኔታ፥ እርስዎ ግጥሙን እንደ ዳኛ ነው የያዙት፤ የመጨረሻውን ክፍል ግን ይስሙት›› አለኝ። በዚያ ክፍል ስኮት የመስፍንን ቀብር ያመጣል፤ ጥቍር ግምጃ በአዳራሹ ይጋረዳል፥ ችቦ ይበራል፥ ሰንደቅ ይሰቀላል፥ ዜማ በመቅደስ ይሰማል። ከዚያ ይመለስና፥ ተፈጥሮን ለሚወድ ለዚህ የዋህ ሰው የሚገባው የተራራ ጠቦት አሟሟት ነው ይላል፤ ጠቦቱ መንገድ ጠፍቶት ከገደል ወድቆ በእናቱ አጠገብ ትንፋሹ እንደምትወጣ። ወዳጄ ይህን ንጽጽር ከሁሉ ይወደዋል፤ የትልቁን ሰው ለቅሶ ከድኻው ለቅሶ ጋር አነጻጽሮ ድኻውን አከበረው ይላል። እኔ ግን የምሰማው ሌላ ነው። ችቦውና ግምጃው፥ ሰንደቁና ዜማው በውበት ተዘርዝረው ሲያልቁ፥ ባለቅኔው ልቡ ከአዳራሹ እንዳልወጣ ያስታውቃል። እኛ የመወድስ ሰዎች ይህን በሽታ በደንብ እናውቀዋለን፤ ‹‹ክብር ከንቱ ነው›› ለማለት ብለን ክብሩን ስንዘረዝር እናመሻለን።

ጠቦቱ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ያለው የጠፋ በግ ታሪክ ሲነገር፥ የቀሩት 99 በጎች በተራራ ላይ ይተዋሉ፤ ጌታቸው አንዱን ለመፈለግ ይሄዳልና። የታሪኩ ነገር በሙሉ ያለው በፍለጋው ላይ ነው። የስኮት ጠቦት ወድቆ ይሞታል፤ ፈላጊ የለውም፤ ባለቅኔውም ይህን እንደ ውበት ይቈጥረዋል። ወጣቱ በተራራ ክንድ ላይ ማረፉ ይገባዋል ሲል፥ 3 ወር ሳይገኝ መቅረቱን ጸጋ አደረገው። እኔ በዚህ ልስማማ አልቻልሁም።

ወርድስወርዝ ግጥሙን የሚጀምረው ከሌላ ስፍራ ነው። የመጀመሪያው ነገር ድምፅ ነው። አንድ እረኛ የውሻ ወይም የቀበሮ ጩኸት የሚመስል ይሰማል፤ ይቆማል፤ በተበተኑት ዐለቶች መካከል በዐይኑ ይፈልጋል። ከዚያ በሣር ውስጥ ሲንቀሳቀስ የነበረ ውሻ ብቅ ይላል። እረኛው ውሻው የተራራ ዘር እንዳልሆነ፥ አካሄዱም የፈራ እንስሳ አካሄድ እንደ ሆነ፥ በጩኸቱም ውስጥ ያልተለመደ ነገር እንዳለ ያስተውላል። ዙሪያውን ይመለከታል፤ ሰው የለም፤ ፉጨት የለም። ቀጥሎ ባለቅኔው ስፍራውን ይገልጻል፤ የታኅሣሥ በረዶ እስከ ሰኔ የሚቈይበት ጕድጓድ፥ ፊት ለፊት ገደል፥ ከታች ዝም ያለች ኩሬ። ዓሣ ሲዘልል፥ ቁራ ሲጮኽ፥ የገደል ማሚቶ ሲመልስ ይሰማል። እረኛውም ልቡ ተከፍሎ ትንሽ ከቆመ በኋላ ውሻውን ተከትሎ ሄዶ ዐፅሙን ያገኛል፤ ወደ ላይ ገደሉን አይቶ እንዴት እንደ ወደቀ ይረዳል፤ ያን ጊዜም የመንገደኛው ስምና ያለፈበት ቀን ትዝ ይለዋል።

ተመልከት፤ የግጥሙ እኩሌታ በላይ የእረኛው ነው። የውሻው ውዳሴ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እርሱም አጭር ነው። ባለቅኔው ለ3 ወር ውሻው በዚያ ስፍራ እንደ ኖረ ይናገርና፥ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን በልቶ እንደ ኖረ የሚያውቀው ያን ፍቅር የሰጠው ፈጣሪ ብቻ ነው ብሎ ያቆማል። ‹‹ይህን ያየ ማን ነው?›› ለሚለው ጥያቄ ሌላ የሚገባ መልስ የለውም። ምስክር እስካለበት ድረስ ሄደ፤ ምስክር ባለቀበት ስፍራ ዝም አለ። መምህሬ ይህን ግጥም ሰምተው ቢሆን ኖሮ፥ ቤት ባይመታ እንኳ ባላባረሩት ነበር።

ስለዚህ ዝምታ ወዳጄ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግጥሙን ያለዚህ ነገር ማሰብ አልቻልሁም። ወርድስወርዝ ዮሐንስ የሚባል ወንድም ነበረው፤ የመርከብ አለቃ ነበር። በዚያው በ1805 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ፥ ማለት ወጣቱ ሠዓሊ ተራራውን ከመውጣቱ ከሁለት ወር በፊት፥ መርከቡ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ሰጠመችና ከብዙ ሰው ጋር ሞተ። ሬሳው የተገኘው 6 ሳምንት ያህል ከቈየ በኋላ ነው። ሁለቱ ወንድማማች ለመጨረሻ ጊዜ የተለያዩት በ1800 ዓ.ም. በመስከረም ወር ከዚያው ከሄልቬሊን ግርጌ፥ ከግራስሚር ወደ ፓተርዴል በሚያሻግረው መንገድ ዳር ባለች ኩሬ አጠገብ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው የወንድሙን ሬሳ 6 ሳምንት ውሃ ውስጥ መሆኑን እያሰበ ያደረ ሰው ነው። ሬሳ ሳይገኝ ሲቈይ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ስለዚህ የዐፅሙን ነገር በቃላት አላስጌጠውም፤ ውሻው ቁራ ሲያባርር ሊያሳየንም አልደፈረም። ስኮት የመጣው ለጕብኝት ነው፤ ወርድስወርዝ ግን የዚያ ዓመት ሐዘንተኛ ነበረ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ እርሱ በግጥሙ ስለ ወንድሙ ምንም አልተናገረም።

ይህን ሁሉ ካመሰገንሁ በኋላ ነቀፌታዬን ልናገር። የመጀመሪያው ስለ አርእስቱ ነው። ‹‹ታማኝነት›› ብሎ ሰየመው። እረኛው ገና ድምፁን ሳይሰማ እኛ ወርቁን በደጃፍ ላይ ተሰቅሎ እናየዋለን። በእኛ ቤት እንዲህ የሚያደርግ ተማሪ ሰሙን ለምን እንደ ደከመበት ይጠየቃል። ስኮት በዚህ በኩል ይሻላል፤ ተራራውን በስሙ ጠርቶ የቀረውን ለአንባቢ ተወለት።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከባድ ነው። ያን ጊዜ በካርላይል ከተማ የታተመ አንድ ጋዜጣ ስለዚህ ነገር ሁለት ወሬ አውጥቶ ነበር። አንደኛው ውሻይቱ በዚያ ተራራ ላይ መውለዷ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚዘገንን ነው፤ ጌታዋን የበላችው ራስዋ ናት የሚል ነው። በዚህ በሁለተኛው ላይ ጋዜጣውም ቢሆን ምስክር የለውም፤ ውሻይቱ ስትበላ ያየ ሰው የለም፤ ቁራና ቀበሮ በበዛበት ተራራም 3 ወር ረጅም ጊዜ ነው፤ በግ በሚሰማራበትም ስፍራ የሞተ በግ አይታጣም። ያላዩትን መስደብ ያላዩትን ከማመስገን አይሻልም። ነገር ግን የመጀመሪያው ነገር የታወቀ ነው፤ የቡችላዋም ሬሳ ከዚያው ተገኝቷል። ከሁለቱ ባለቅኔዎች አንዳቸው እንኳ ስለ ቡችላይቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ለምን ዝም አሉ? ወሬው እንዳይሸታቸው ይመስለኛል። የወለደች ውሻ ምን በላች የሚለው ጥያቄ ጌታዋን ከጠበቀች ውሻ ጥያቄ ይልቅ ይከብዳልና። መጽሐፍ ግን ውሻን በሁለት ወገን ያውቀዋል፤ የኤልዛቤልን ሥጋ የበሉ ውሾች ናቸው፥ የአልዓዛርን ቍስል የላሱትም ውሾች ናቸው። በመጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ከጦብያ ጋር መንገድ የሄደው ውሻ አለ፤ ጸሐፊው አብሯቸው እንደ ሄደ ብቻ ይናገራል፥ ከዚያ በላይ አያመሰግነውም፥ እኛም እስከ ዛሬ እንወደዋለን። ውሻይቱ እናት መሆኗ ቢነገር የወጣቱ ክብር አይጐድልም ነበር፤ እርስዋም ታማኝ አለመሆኗ አይታወቅበትም። ይልቁንም ቡችላዋን በረኃብ እየቀበረች በዚያው የቀረች እንስሳ ሆና በታየች ነበር። ታማኝ ለመባል ሲሉ እናትነቷን ገፈፏት።

ከእነርሱ በኋላ የመጡትም ይህንኑ ተከተሉ። ላንድሲር የተባለው ሠዓሊ በ1829 ዓ.ም. ይህን ታሪክ ሲስለው ወጣቱ ገላው ሳይጐድል እንደ ተኛ ሰው ወድቆ፥ ውሻይቱም በላዩ ሆና ትታያለች፤ ዐፅም የለም፥ ቡችላም የለም። በ1890 ዓ.ም. ሮንዝሊ የተባለ የእንግሊዝ ቄስና ፍራንሲስ ፓወር ኮብ የተባለች ሴት በተራራው ራስ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆሙ፤ ከወርድስወርዝ ግጥምም ጻፉበት። ድንጋዩ የቆመው መንገደኛ ከሚያልፍበት ከላይ ነው፤ ዐፅሙ የተገኘው ግን ከታች ነው።

አሁን አንባቢ ‹‹ይህ ሽማግሌ ስለ አንዲት የእንግሊዝ ውሻ ይህን ያህል የሚጨነቀው ለምንድር ነው?›› ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። እኔ ውሻ ወዳጅ አይደለሁም። በቅኔ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በየደጃፉ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል የኖረ ተማሪ የመጀመሪያ ጠላቱ ውሻ ነው። በቀኝ እግሬ ባት ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ያሳክከኛል። ይህን ያደረገው ነብሮ የሚባል ውሻ ነበር፤ ከቅኔ ቤታችን በታች የምትኖር የአንዲት መበለት ውሻ ነው። ሴትዮይቱ ለተማሪ እጅዋ የተፈታ ነበረች፤ ውሻው ግን ተማሪን ከሌባ አይለይም ነበር።

አንድ ቀን ወደ መምህራችን መጥታ አለቀሰች። ነብሮ ከሦስት ቀን በፊት ሌሊት ጅብ ተከትሎ ወደ ተራራው ወጥቶ አልተመለሰም፤ ልጅ የላትም፥ ሌላ ጠባቂም የላት። መምህሩ ስድስት ተማሪዎችን መርጠው ተራራውን ተከፋፍለን እንድንፈልግ አዘዙን። ለእኔ የደረሰኝ ከወንዙ በላይ ያለው ቍጥቋጦና ገደል ነበር። ወጣሁ፤ ቆምሁ፤ ስሙንም ጠራሁ፤ ነገር ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የጠራሁት። አጠገቤ ያለ ሰው እንኳ በጭንቅ ይሰማው እንደ ሆነ ነው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ጠርቼ ከአንድ ጥላ ሥር ተቀመጥሁና የዚያን ቀን ቅኔዬን ስቈጥር ዋልሁ። ወደ ማታ ከወደ ገደሉ አንዳች ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ወፍ ይሆናል ብዬ ተነሥቼ ወረድሁ። መምህሩ ‹‹ጠራችሁት?›› አሉን፤ ሁላችንም ‹‹ጠራነው›› አልን። ያን ቀን ያየ ማን ነው ብለው አልጠየቁም። ውሻውም አልተመለሰም። በማግሥቱ በሴትዮይቱ ደጃፍ ቆሜ ስለምን የሚጮኽብኝ አልነበረም፤ እርስዋም እንደ ወትሮዋ እንጀራዬን ሰጠችኝ።

ስለዚህ የወርድስወርዝ እረኛ ጩኸቱን ሰምቶ የሚቆምበት ስፍራ ሲነበብልኝ ግጥሙ ለእኔ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ያ እረኛ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም፤ የጠፋበት ውሻም ሰውም የለም፤ መንገዱን ቢቀጥል የሚከሰው የለም። ቢሆንም በጩኸቱ ውስጥ ያልተለመደ ነገር ሰማና ቆመ። ስኮት ይህን ሰው ጨርሶ አያውቀውም፤ በእርሱ ግጥም ዐፅሙን ያገኘ ሰው የለም። ወርድስወርዝ ግን ስም ሳይሰጠው፥ ሳያመሰግነውም፥ የግጥሙን ትልቅ ክፍል ለእርሱ ለቀቀለት። ‹‹ታማኝነት›› ብሎ የሰየመው ውሻውን አስቦ ይሆናል፤ እኔ ግን አርእስቱ ከማን ላይ እንደሚያርፍ እርግጠኛ አይደለሁም። ፍርዴም በዚህ ምክንያት ለወርድስወርዝ ሆነ።

ወዳጄ ፍርዱን ተቀብሎ መተርጐም ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን ከአንድ እንቅፋት ደረሰ። እንግሊዞች ስለ እንስሳ ሲናገሩ ወንድ ወይም ሴት ሳይሉ የሚያልፉበት ቃል አላቸው፤ ወርድስወርዝም ውሻውን በዚህ ቃል ነው የሚጠራው። ስኮት፥ ይህን ለእርሱ መመስከር ይገባል፥ ጌታዋ ብሎ ሴትነቷን አስታውቋል። በአማርኛ ግን መሸሸጊያ የለም፤ ወይ ጮኸ ነው ወይ ጮኸች ነው። እኔም እስከዚህ የግጥሙን ነገር ስነግርህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ደራሲውን ተከትዬ ውሻው ስል ቈይቻለሁ፤ በእኛ ቋንቋ ይህ ሐሰት መሆኑን ያስተዋልሁት ወዳጄ ብዕሩን አንሥቶ በጠየቀኝ ጊዜ ነው።

‹‹ጮኸች በል›› አልሁት።

‹‹የኔታ፥ ደራሲው ያልተናገረውን መጨመር አይሆንብኝም?›› አለኝ።

‹‹ልጄ፥ ጮኸ ብትል ያልሆነውን መጨመርህ ነው። ቋንቋችን ዝም እንድትል ካልፈቀደልህ እውነቱን ተናገር፤ ቡችላዋን ግን አትጨምር፤ እርሱ የደራሲው ዕዳ ነው›› አልሁት።

ጥቂት ተከራክሮኝ ጻፈው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ግሥ ተለወጠበት፤ ወጣች፥ ፈራች፥ ተመለሰች፥ መራችው። እረኛው ተከተላት። ሣሩም፥ ኩሬውም፥ በረዶውም በአንዲት እናት ዙሪያ ያሉ ሆኑ፤ ስለ ቡችላይቱ ግን ምንም አልተነገረም። ከፊደሉ የሚበልጥ ነገር የጨመረ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ረቂቁን ይዞ መጥቶ ነበር። እረኛው ቆሞ ዐለቶቹን በዐይኑ ከሚፈትሽበት ክፍል በኋላ ጥቂት ቤቶች አልመታ ብለውት ባዶ ትቷቸዋል። ከላይ፥ አርእስቱ ባለበት ስፍራ፥ ‹‹ታማኝነት›› የሚለውን ጽፎ ሰርዞታል፤ በምትኩ ምን እንደሚያኖር ገና አልወሰነም።